ለተወዳዳሪ ጂምናስት ልጃችሁ የፍሎር ሙዚቃ መምረጥና ሩቲን ማዘጋጀት፦ ደረጃ በደረጃ

ልጃችሁ በአሜሪካ ክለብ ውስጥ እስከ ውድድር ደረጃ (ሌቨል) 5 ስትወዳደር ስለ ፍሎር፣ ማለትም ምንጣፍ ላይ ስለሚሠራው ውድድር፣ ሙዚቃ ማሰብ አያስፈልጋችሁም ነበር። በደረጃዋ ያሉ ልጆች ሁሉ የሚሠሩት አንድ ዓይነት ሩቲን (የተቀናበረ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል) ነው፣ ሙዚቃውም አንድ ነው። ደረጃ 6 ስትገባ፣ ወይም ኤክስሴል በሚባለው ሌላ የውድድር ፕሮግራም ስትወዳደር ግን የራሷ ሙዚቃና የራሷ ሩቲን ያስፈልጋታል። ወላጆች ደጋግመው የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዘፈን ማደን ነው። ደስ የሚል ዘፈን ይገኛል፣ ይቆረጣል፣ እንቅስቃሴውን ለሚያቀናብር ባለሙያ፣ ለኮሪዮግራፈር፣ ይከፈላል። ከዚያ ውድድሩ ሲቃረብ ልጅቷ ሙዚቃው ላይ መድረስ ያቅታታል። ወይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ወይ ሙዚቃው አልቆ እሷ ገና ጥግ ላይ ቆማ ትቀራለች። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ልጅቷ ምን እንደምትሠራና ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባት ነው። ዘፈን ከዚያ በኋላ ይፈለጋል። ከታች ያለው ሁሉ የተደረደረው በዚህ ሐሳብ ነው።

መመሪያው የሚመለከተው በሴቶች አርቲስቲክ ጂምናስቲክ የሚወዳደሩ ልጆችን ነው። በአርቲስቲክ ወንዶች ፍሎር የሚሠሩት ያለ ሙዚቃ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጊዜውን አስሉ። በብዙ ስቴቶች ከደረጃ 6 ጀምሮ ያሉ ልጆች የውድድር ወቅት ዲሴምበርና ጃንዋሪ አካባቢ ይጀምርና እስከ ፀደይ ይዘልቃል። ስለዚህ ሙዚቃው በሰመር ይመረጥ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጅቷ ሩቲኑን በቃሏ የምታውቀው ይሁን። ኖቬምበር ላይ ሙዚቃ መምረጥ ማለት ልጅቷን ያልበሰለ ነገር ይዛ ዳኛ ፊት ማቆም ነው።

አሠልጣኟን እነዚህን ጠይቁ። በአካል ሂዱና ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉ።

- በዚህ ዓመት የምትወዳደረው በየትኛው ደረጃ ነው?
- ለደረጃዋ የተፈቀደው ረጅሙ ጊዜ ስንት ነው? ከፍተኛው 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። ዝቅ ባሉት የኤክስሴል ደረጃዎች ግን ከዚያ ያንሳል።
- ሩቲኑን የሚሠራላት ማን ነው? የክለቡ አሠልጣኝ ነው ወይስ ከውጭ የሚመጣ ኮሪዮግራፈር? ክፍያው ስንት ነው? በኋላ ማስተካከያ ቢያስፈልግ እንደገና ይከፈላል?
- የቡድኑ ልጆች የትኞቹን ሙዚቃዎች ይዘዋል? አንድ ክለብ ውስጥ ሁለት ልጆች አንድ ሙዚቃ ሲይዙ ቅሬታ አይጠፋም።

ይህን ሳትጠይቁ ምንም አትግዙ።

ነጥብ የሚያስቀንሱትን እወቁ

ሙዚቃው ቃል ሊኖረው አይችልም። ግጥም ያለው ሙዚቃ ሙሉ 1 ነጥብ ያስቀንሳል። በጂምናስቲክ 1 ነጥብ ማለት ውድድሩ አለቀ ማለት ነው። የሰው ድምፅ እንደ መሣሪያ ሆኖ ቢገባ፣ ለምሳሌ ማንጎራጎር፣ ቃል እስካልሆነ ድረስ ይፈቀዳል።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ሙዚቃው ሲጀምር አይደለም። ልጅቷ መንቀሳቀስ ስትጀምር ይጀምራል፣ የመጨረሻውን አቋም ስትይዝ ይቆማል። ጊዜ ማለፍ 0.1 ያስቀንሳል። ከነጩ መስመር መውጣትም እንደዚሁ በየጊዜው 0.1 ነው። መውደቅ በእነዚህ ደረጃዎች 0.5 ነው፤ በዓለም አቀፉ ሕግ ደግሞ 1 ነጥብ።

አንድ ማሳሰቢያ። በሪትሚክ ጂምናስቲክ፣ ማለትም በኳስና በሪባን በሚሠራው፣ ግጥም ያለው ሙዚቃ ይፈቀዳል። ኢንተርኔት ላይ ያንን አይታችሁ «ይቻላል ማለት ነው» ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ሕጉ የተለያየ ነው።

ደረጃ 1፦ ልጅቷ የምትሠራውን በወረቀት ላይ አስፍሩ

1. አሠልጣኟ በዚህ ወቅት የምትሠራቸውን ታምብሊንጎች ይንገሯችሁ። ታምብሊንግ ማለት ሮጣ አያይዛ የምትሠራቸው ግልብጦች ናቸው፤ አንዱ ሰንሰለት «መስመር» ይባላል። ለምሳሌ ራውንድ ኦፍ፣ ባክ ሃንድስፕሪንግ፣ ሌይአውት። ሁለተኛው መስመር ላይስ? ፍሮንት ታክ ነው?

2. በእርግጠኝነት የምትሠራውንና ገና የምትለማመደውን ለዩ። ሩቲን የሚሠራው በእርግጠኛው ላይ ነው። አዲሱን ስትይዘው በቦታው መተካት ይቻላል። ከደረጃ 6 እስከ 8 መሥፈርቱን ያሟላች ልጅ ከ10 ነጥብ ነው የምትነሳው። አራት የግዴታ መሥፈርቶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 0.5 ይይዛሉ። ስለዚህ ከሚያስፈልጋት በላይ ከባድ ነገር ጨምራ መውደቅ ምንም አያተርፍላትም። ደረጃ 9 ከ9.7፣ ደረጃ 10 ደግሞ ከ9.5 ስለሚነሳ እዚያ ላይ ተጨማሪ ክብደት ትርጉም አለው።

3. እያንዳንዱን መስመር በስልክ ቅረጹና ጊዜውን ያዙ። መቁጠር የምትጀምሩት ጥግ ላይ ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ ነው። ሮጣ፣ ተገልብጣ፣ አርፋ፣ እጇን አንስታ ስትጨርስ አቁሙ። ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ይሆናል። ወላጆች ግልብጡን ብቻ ቆጥረው «3 ሰከንድ ነው» ይላሉ። ሩጫውና ዝግጅቱ ስለሚረሳ ሩቲኑ ሲሠራ ጊዜ ይጠፋል።

4. የዳንስ ግዴታዎቹን ጻፉ። ሊፕ (እግር በአየር ላይ የሚከፈትበት ዝላይ) ያለበት የዳንስ መስመርና በአንድ እግር ሙሉ ዙር ተርን አይቀሩም። የሊፑ የእግር መክፈቻ በየደረጃው ስለሚለያይ ትክክለኛውን ከአሠልጣኙ ውሰዱ።

5. ከታምብሊንግ በኋላ ትንፋሿ እስኪመለስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ አስተውሉ። ይህን ማንም አይጽፈውም፣ ነገር ግን ሩቲኑን የሚያድነው ይህ ቁጥር ነው። ደረቷ በፍጥነት ከፍ ዝቅ እያለ ቀስ ያለ ዳንስ በደንብ መሥራት አትችልም።

ደረጃ 2፦ እንቅስቃሴዋን እወቁ

ቤት ውስጥ የተለያየ ሙዚቃ ክፈቱና እንደ ልቧ ትጨፍር። አስተያየት አትስጡ። ከፈቀደች በቪዲዮ ቅረጹ፣ ከዚያ ድምፁን አጥፍታችሁ ተመልከቱ።

እጇ ረጅም መስመር ይሠራል ወይስ ቶሎ ቶሎ ይቆርጣል? ትከሻዋ ነው የሚቀድመው ወይስ እግሯ? ስትዘል ፊቷ ይፈታል? ዓይን አፋር ልጅ በተጫዋችነት የተሞላ፣ ለተመልካች ጥቅሻ የሚጠይቅ ሩቲን ሲሰጣት ትሠራዋለች፣ ግን ከአንገት በላይ ይሆናል፤ ዳኛም ያየዋል። ለእሷ ዜማው ጠንካራ የሆነ፣ ወደ ውስጥ የሚያይ ሙዚቃ ይሻላል። ቀልድ የምትወድ ልጅ ደግሞ በአሳዛኝ ፒያኖ ትሞታለች።

በ2019 በዓለም ዙሪያ የታየውን የኬትሊን ኦሃሺን የ10 ነጥብ ሩቲን እያሳዩ «የእኔም ልጅ እንደዚህ ትሥራ» የሚሉ ወላጆች አሉ። እሷ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተወዳዳሪ ነበረች፣ አዋቂ ሴት ናት። ከእሷ መውሰድ የሚቻለው በታምብሊንጎቹ መካከል ፊቷ እንዴት እንደሚፈታ ነው። እንቅስቃሴውን ለ10 ዓመት ልጅ አትቅዱ። የልጅ ሩቲን ልጅነቷን የሚመስል ይሁን። የአዋቂ ዳሌ ማወዛወዝ በልጅ ላይ ሲታይ ያሳቅቃል፣ ለእሷም አይጠቅምም።

ደረጃ 3፦ አሁን ሙዚቃ ፈልጉ

ከሦስት የማይበልጡ እጩዎች ይዛችሁ ቅረቡ። አምሳ ዘፈን ስታሰሙ ልጅቷ ግራ ትጋባለች። ሦስቱን እናንተና አሠልጣኙ አጣሩ፣ የመጨረሻውን እሷ ትምረጥ። ወቅቱን ሙሉ በየልምምዱ የምትሰማው እሷ ናት።

እያንዳንዱን እጩ እንዲህ ፈትኑት።

1. መጀመሪያው ይታወቃል? በጥቂት ሰከንድ ውስጥ «ይኸው ጀመረ» የሚያሰኝ ድምፅ ይኑረው። ከሩቅ እየተሳበ የሚመጣ መግቢያ ሰዓት ይበላል፣ ልጅቷም መቼ እንደምትጀምር አታውቅም።

2. በመሀል ይለወጣል? ፈጣን፣ ከዚያ ረገብ ያለ፣ ከዚያ እንደገና የሚነሳ ያስፈልጋታል። ረገብ የሚለው ቦታ የትንፋሽ ቦታዋ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ፍጥነት ያለው ሙዚቃ ልጅንም ዳኛንም ያደክማል።

3. ቁርጥ ያለ መጨረሻ አለው? እየቀነሰ እየቀነሰ የሚጠፋ መጨረሻ አትውሰዱ። የመጨረሻ አቋሟ የሚያርፍበት አንድ ምት ያስፈልጋል።

4. በመጥፎ ስፒከር ይሰማል? የውድድር አዳራሽ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ጎን ለጎን ሌሎች የሚወዳደሩበት የባር መሣሪያ ይንጫጫል፣ ሰው ያጨበጭባል። በስልካችሁ ስፒከር ክፈቱትና ሌላ ክፍል ሆናችሁ ስሙት። ምቱ ከጠፋባችሁ አዳራሽ ውስጥም ይጠፋል።

5. ሙዚቃው የተወሰደበት ዘፈን ግጥም ምን ይላል? ግጥሙን ብታወጡትም ዜማውን የሚያውቅ ሰው ቃሉን በልቡ ይሰማዋል። ነውር ያለበት ዘፈን ለልጅ አይሆንም።

6. በጆሮ ማዳመጫ ከዳር እስከ ዳር ስሙት። «ኢንስትሩመንታል» ተብሎ የሚሸጥ ብዙ ሙዚቃ ከኋላ ቃል ቀርቶበታል። አንድ ቃል ከሰማችሁ ወይ ያንን ክፍል አስወጡ ወይ ሙዚቃውን ተዉት።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከፈለጋችሁ

ይህን ብዙ ወላጆች ይፈልጋሉ፣ እኔም ደስ ይለኛል። በትክክል ከተሠራ ልጅቷ ከሌሎቹ ተለይታ ትታያለች። ግን የራሱ ጣጣ አለው።

የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። ኮሪዮግራፈሮች በስምንት በስምንት ይቆጥራሉ። ብዙ የአማርኛ ዘፈን የሚሄድበት የችክችካ ምት ግን ስድስት ስድስት ነው። ኢትዮጵያዊ ያልሆነች ኮሪዮግራፈር ትንንሾቹን ምቶች ልትቆጥር ስትሞክር ትጠፋለች። መፍትሔው ቀላል ነው። ትንንሾቹን ትታችሁ እግር መሬት የሚመታበትን ትልቁን ምት ቁጠሩ። በአንዱ ስድስት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ምቶች አሉ። አራት ጊዜ ሲዞር ስምንት ይሞላል። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ይህን አጨብጭባችሁ አሳዩአት።

ሁለተኛው ጩኸቱ ነው። «እሰይ!» «በለው!» የሚሉ ጣልቃ ገብ ድምፆች በቀረጻው ውስጥ ይደበቃሉ። አሜሪካዊት ዳኛ ትርጉሙን ባታውቅም ቃል መሆኑን ትሰማለች። አውጧቸው። እልልታ ቃል አይደለም፤ ያም ሆኖ እሱን ከማስገባታችሁ በፊት ለአሠልጣኙ አሰሙ።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። ትዝታ ውብ ነው፣ ግን አንድ ደቂቃ ሙሉ በትዝታ ብቻ የሄደ ሩቲን ታምብሊንጉን ይገድለዋል። በመሀሉ ላይ ለትንፋሽ ቦታ፣ በዋሽንት ወይም በክራር ብቻ፣ 15 ሰከንድ ያህል ስጡት። የጉራጊኛ ምት ደግሞ ተቃራኒው ነው። እግርን ስለሚያነሳ ለጂምናስት የተሠራ ይመስላል፣ ግን ከመጀመሪያው ከተጀመረ ትንፋሽ ይጨርሳል። መጨረሻ ላይ አድርጉት። ኢትዮ ጃዝ በአብዛኛው ያለ ግጥም ስለሆነ ሥራችሁን ያቀላል፤ ባሱና እንደ ትራምፔት ያሉት የናስ መሣሪያዎች አዳራሽ ውስጥም በደንብ ይሰማሉ።

እስክስታ ሲገባ ተጠንቀቁ። ትከሻ ሲመታ ክርን የመታጠፍ፣ አንገትም የመግባት ልማድ አለው። ዳኛዋ የምታየው የሰውነት አቋም ነው። አጭር አድርጉት፣ አንድ ስምንት ብቻ፣ ቀጥ ባለ ጀርባ። ልጅቷ እስክስታን በደንብ ከሚችል ሰው ትማረው። ከቪዲዮ የተቀዳ እስክስታ ያስታውቃል።

የበገናና የቤተ ክርስቲያን ዝማሬን ለውድድር አትጠቀሙ። ሕግ ስለከለከለው አይደለም። ለጸሎት የተሠራ ነገር ላይ መገለባበጥ ብዙ ቤተሰብን ያስከፋል፣ ልጅቷም መሀል ላይ ትገባለች።

ደረጃ 4፦ ሙዚቃውን ቁረጡ

ለባለሙያ መስጠት ይቻላል። ራሳችሁ ከሠራችሁት ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል።

1. ሙዚቃውን በፋይል መልክ ግዙ። በወርሃዊ ክፍያ የምትሰሙበት መተግበሪያ ላይ ያለው ሊቆረጥ የሚችል ፋይል አይደለም።

2. ርዝመቱን ወስኑ። የተፈቀደላት 1:30 ከሆነ 1:20 እስከ 1:25 ላይ አቁሙ። ልጆች ውድድር ላይ ሲደነግጡ ይዘገያሉ፤ ያ ትርፍ ሰከንድ መጠባበቂያቸው ነው።

3. ፍጥነቱን ለኩ። በደቂቃ 120 ምት ያለው ሙዚቃ በሰከንድ ሁለት ምት ነው፣ ስለዚህ አንድ ስምንት 4 ሰከንድ ይፈጃል። 84 ሰከንድ ማለት 21 ስምንት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ቀጥሎ ያስፈልጋል።

4. የምትቆርጡት በስምንቱ መጀመሪያ ላይ ይሁን። መሀል ላይ ከተቆረጠ ጆሮ ይሰናከላል፣ ልጅቷም ቆጠራ ይጠፋባታል።

5. ሁለት ክፍሎች የተገናኙበትን ቦታ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። «ቲክ» የሚል ድምፅ ካለ መቁረጫውን በጥቂቱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱ፣ አለዚያ ሁለቱን በትንሹ አደራርቡ።

6. የድምፁን መጠን አስተካክሉ። ዋሽንቱ ቀስ ብሎ ከበሮው ድንገት ከጮኸ፣ ድምፅ የሚከፍተው ሰው በመጀመሪያው ልክ ስለሚያስተካክል መጨረሻው ጆሮ ይሰብራል።

7. በኤምፒ3 አስቀምጡ። የፋይሉ ስም ላይ የልጅቷን ስም፣ ክለቡንና ደረጃዋን ጻፉ። «ፍሎር የመጨረሻ አዲስ 3» የሚል ስም ውድድር ቀን ያሳብዳል።

ሩቲኑ አልቆ ልጅቷ ከተማረችው በኋላ ሙዚቃውን አትንኩ። ግማሽ ሰከንድ መቀነስ እንኳ የተማረችውን ሁሉ ያናጋል።

ደረጃ 5፦ የፍሎሩን ካርታ ሣሉ

ፍሎሩ 12 ሜትር በ12 ሜትር ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ወደ 17 ሜትር ይሆናል፤ ታምብሊንግ በዚህ ሰያፍ የሚሠራው ለዚህ ነው። ወረቀት ላይ አራት ማዕዘን ሣሉ፣ ጥጎቹን ቁጥር ስጡ።

አሁን በዚህ መመሪያ ደረጃ 1 የለካችሁትን ጊዜ በስምንቶቹ ላይ ደልድሉ። ሁለት የታምብሊንግ መስመር ላላት ልጅ፣ በ21 ስምንት፣ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

- ከ1 እስከ 2 (እስከ 8ኛው ሰከንድ)፦ መክፈቻ አቋምና ወደ ጥግ የሚወስድ ዳንስ።
- ከ3 እስከ 4 (እስከ 16)፦ የመጀመሪያው ታምብሊንግ፣ ከባዱ።
- ከ5 እስከ 8 (እስከ 32)፦ ትንፋሽ የሚመልስ ዳንስ። እግር ሳይበዛበት፣ በእጅና በፊት።
- ከ9 እስከ 11 (እስከ 44)፦ የሊፕ መስመር።
- ከ12 እስከ 14 (እስከ 56)፦ ተርንና ዝቅ ብላ የምትሠራው ክፍል። ሙዚቃው ረገብ የሚለው እዚህ ነው።
- ከ15 እስከ 16 (እስከ 64)፦ ሁለተኛው ታምብሊንግ።
- ከ17 እስከ 21 (እስከ 84)፦ ማጠቃለያ ዳንስና የመጨረሻ አቋም።

ኮሪዮግራፈሯ ልትለውጠው ትችላለች፣ ትለውጠው። እናንተ የምትጠብቁት ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከባዱ ታምብሊንግ መጀመሪያ ይሁን። የደከመ እግር ላይ ከባድ ነገር መጫን ጉዳት ያመጣል።

ሁለተኛ፣ ታምብሊንጉ የሚያልቅበት ጥግና ቀጣዩ የሚጀምርበት ጥግ በዳንስ መያያዝ አለባቸው። ጥግ ላይ ረጅም ቆይታ ነጥብ ያስቀንሳል። ዞር፣ አንድ ትንፋሽ፣ ሩጫ።

ሦስተኛ፣ ሊፑ ወይም ግልብጡ ሙዚቃው ከፍ በሚልበት ምት ላይ ይረፍ። ታምብሊንጉ እያንዳንዱን ምት መከተል አይጠበቅበትም። ማረፊያውና ከዚያ በኋላ የሚነሳው እጅ ግን ከምቱ ጋር ቢገጥም አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል።

ደረጃ 6፦ ልጅቷ ሩቲኑን ትማረው

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። አትዝለሉ።

1. ያለ ሙዚቃ፣ በቆጠራ። ኮሪዮግራፈሯ ስትቆጥር ድምፁን ቅረጹ፣ ቤት ይጠቅማል።
2. በሙዚቃ፣ በእርምጃ ብቻ። ታምብሊንጉ ቦታ ላይ ቆማ በእጇ ታሳያለች፣ ግን ጊዜውን አትዝለል። ሩጫውን ጨምሮ ሙሉውን ሰከንድ ትጠብቅ።
3. ዳንሱ ሙሉ፣ ታምብሊንግ የሌለበት።
4. ግማሽ ግማሽ። የመጀመሪያው ግማሽ ከታምብሊንግ ጋር፣ ዕረፍት፣ ሁለተኛው ግማሽ። ማረፊያው ላይ ለስላሳ ፍራሽ ይኑር።
5. ሙሉ ሩቲን። ይህ ሲደረስበት ብቻ ነው ጥንካሬዋ የሚለካው።

ቤት ውስጥ ዳንሱን ብቻ ትለማመድ። ምንጣፍ ላይም ሆነ ጓሮ ሣር ላይ ታምብሊንግ አታሠሩ።

ስትለማመድ አፏን ተመልከቱ። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ከቆጠረች ሙዚቃውን ገና አልሰማችውም፣ ቁጥር ነው የምትሰማው። ያን ጊዜ እርማት አትደርድሩባት። መኪና ውስጥ ሙዚቃውን ክፈቱላትና ዓይኗን ጨፍና ሩቲኑን በሐሳቧ ትሥራው። ከንፈሯ ጸጥ ሲል ፊቷ መሥራት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ስለ ጣት፣ ስለ አገጭ፣ ስለ ዓይን መናገር ይቻላል።

በአንድ ልምምድ አንድ እርማት ይበቃል። ደግሞም እርማቱ የአሠልጣኟ ነው። እናት አንድ ነገር፣ አሠልጣኝ ሌላ ነገር ሲላት ልጅቷ መሀል ቤት ትቀራለች።

ተረከዟን፣ ጉልበቷን ወይም የእጇን አንጓ ካመማት አትሸፋፍኑ። በእድገት ላይ ያለች ልጅ ላይ የተረከዝና የእጅ አንጓ ሕመም የተለመደ ነው፣ ግን «ያልፋል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለአሠልጣኙ ንገሩ፣ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ዳንሱን ያለ ዝላይ እየሠራች ልትቆይ ትችላለች።

ደረጃ 7፦ የውድድር ቀን

ሙዚቃው ቀድሞ የሚላክ ከሆነ ክለቡ መላኩን ከቀናት በፊት አረጋግጡ። ፋይሉ በአሠልጣኙ ስልክም በእናንተ ስልክም ይኑር፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ሆኖ። ስልኩ ከሽቦ ጋር የሚያያዝበትን ማገናኛ ያዙ። ሙዚቃው የሚጫወተው ከስልክ ከሆነ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። በሩቲኑ መሀል የስልክ ጥሪ ገብቶ ልጅ የደነገጠችበት ጊዜ አለ።

ልጅቷ ይህን ቀድማ ትወቅ፦ ዳኛዋ ምልክት ትሰጣለች፣ እሷ እጇን አንስታ ሰላምታ ትሰጣለች፣ ፍሎር ላይ ገብታ አቋሟን ትይዛለች፣ ከዚያ ሙዚቃው ይከፈታል። ሙዚቃው እስኪጀምር አንዳንዴ ዘግየት ይላል። እስከዚያው አትነቃነቅ፣ ወደ ስፒከሩም አትዙር።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ሙዚቃው ቀድሟት ያልቃል። ታምብሊንጉን አታፋጥኑ። አቋሞቹን አሳጥሩ። ብዙ ጊዜ ሰዓቱን የሚበላው ጥግ ላይ የምታዘጋጀው እግር ነው። በቪዲዮ ቆይታዋን በሰከንድ ለኩት፣ ከየጥጉ አንድ አንድ ሰከንድ ሲቀነስ ችግሩ ይፈታል።

እሷ ሙዚቃውን ትቀድማለች። ድንጋጤ ነው። ለአንድ ቦታ «እዚህ ጋ ከበሮውን ጠብቂ» የሚል ምልክት ስጧት። አንድ ምልክት ብቻ፣ ረገብ በሚለው ክፍል መግቢያ ላይ።

መሀል ላይ ትረሳዋለች። ከመጀመሪያው ጀምሮ መድገም አይፈታውም። ከመሀል መጀመርን አለማምዷት። ሙዚቃውን ከማንኛውም ቦታ ክፈቱና እዚያ ቦታ ላይ ትግባ። ውድድር ላይ ብትረሳ ደግሞ የምትሠራው የታወቀ ይሁን፦ እየጨፈረች ወደ ቀጣዩ ጥግ ትሂድና ታምብሊንጉን ትጀምር። ዳኛዋ ዳንሱን በቃሏ አታውቀውም። ግዴታ የሆነውን ሊፕና ተርን ግን ሳትሠራ እንዳትወጣ።

ከመስመር ትወጣለች። መነሻዋን እዩ። ብዙ ልጆች ከጥጉ አንድ እርምጃ ገብተው ይጀምራሉ፣ ያቺ እርምጃ መጨረሻ ላይ ታልቅባቸዋለች። ተረከዟ ጥጉ ላይ ይሁን። ካልበቃ ሩጫው አንድ እርምጃ ይቀነስ። እያደገች ስትሄድ እርምጃዋም ስለሚረዝም በየጥቂት ወሩ እንደገና ለኩ።

ሁለተኛው ታምብሊንግ ላይ ትወድቃለች። ታምብሊንጉን ለብቻው ስታሠሩት ቆንጆ ከሆነ ችግሩ ትንፋሽ ነው። ከፊቱ ያለውን ዳንስ አቅልሉ፣ ወይም አሠልጣኟ ለጊዜው ቀለል ባለ ታምብሊንግ ይተኩት። ለብቻውም የሚያስወድቃት ከሆነ ከሩቲኑ ይውጣ። ይህን ለልጅቷ እንደ ቅጣት አታቅርቡ፤ ጂም ውስጥ መለማመዷን ትቀጥላለች።

ውድድር ላይ ሙዚቃው ይቋረጣል። ምን እንደምታደርግ ከአሠልጣኟ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ጥፋቱ የመሣሪያው ከሆነ አሠልጣኟ ዋናዋን ዳኛ ማነጋገር ይችላሉ። ወላጅ ከተመልካች ወንበር ተነስቶ አይጮህ። ወደ ድምፅ ጠረጴዛውም አይሂድ።

ሙዚቃውን ጠላሁት ትላለች። በወቅቱ መሀል ከሆነ ምን እንደጠላች ጠይቋት። አብዛኛውን ጊዜ የጠላችው አንድ እንቅስቃሴ ነው፣ ወይም ጓደኛ የሳቀባት አንድ ቦታ አለ። ያንን ቦታ ብቻ ቀይሩ። ሙሉ ሙዚቃ መቀየር ካለበት ወቅቱ ካለቀ በኋላ ይሁን፣ ያኔም ከዚህ መመሪያ ደረጃ 1 ጀምሩ፤ እስከዚያ ድረስ ታምብሊንጎቿ ተለውጠዋል፣ ቁመቷም ጨምሯል።